ጅብራ ወዴት ይሽሽ?

የባሕር አልጌ ውኃው ሲሞቅበት ዘሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ሊሸጋገር ይችላል። የደጋችን ዕፅዋት ግን መሸሻቸው ሽቅብ ነው፤ ተራራው ደግሞ ጫፍ አለው። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ በቦረና ሳይንት ፓርክ፣ ከደንቆሮ ጫካ በላይ ያለውን ጅብራ እንውሰድ። ጥቅጥቅ ያሉት ቅጠሎቹ ሌሊት ለጋውን ቡቃያ ከውርጭ ይሸፍኑታል። ብርዱን እንዲህ አድርጎ ችሎታል፤ ጣጣው ሙቀቱ ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በግምት 0.6 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ሊኖርበት ነው። ጅብራ ደግሞ ለዓመታት ኖሮ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ስለዚህ አይቸኩልም። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል እንበል። ግን ሙቀቱ ለገብስም መንገድ ይከፍታል፤ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ታርሶ ቢገኝስ?