ካምቢዮው ስንት ይችላል?

በ2013 ሞዴል የራም ከባድ ፒክአፕ ውስጥ የገባው ባለ 6.7 ሊትር የኩሚንስ ናፍጣ ሞተር አንድ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ሦስት ዓይነት ነበር። ማንዋል ካምቢዮ ያዘዘ ገዢ 895 ኒውተን ሜትር ቶርክ ተለክቶ ይሰጠዋል። 68አርኤፍኢ የተባለውን አውቶማቲክ የመረጠ 1,085 ያገኛል። ከጃፓኑ አይሲን የመጣውን ኤኤስ69አርሲ ያዘዘ ደግሞ 1,152። ሞተሩን የሚገድበው ኮምፒውተሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከኋላው የታሰረው ካምቢዮ ነው። ሻጭ በአፉ የማይናገረውን ፋብሪካው በመግለጫው ላይ በቁጥር ጽፎታል። ጭነት የሚጎትት ፒክአፕ ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ይህን ቁጥር ነው ባይ ነኝ።

ቶርክ ሞተሩ ዘንግ ጠምዝዞ የሚያዞርበት ኃይል ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ኃይል የሚሰጠው ብዙ ሳይጮህ፣ በደቂቃ ከ1,600 እስከ 1,800 ዙር አካባቢ ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ጥርሶችና ዘንጎች ከባዱን ጫና የሚቀበሉት መኪናው ገና ከቆመበት ሲነሳና ዳገት ሲጀምር ነው። ራም ራሱን የቻለ ስም ከመሆኑ በፊት፣ ዶጅ በ1989 ሞዴል የመጀመሪያውን የኩሚንስ ፒክአፕ ሲያወጣ ሞተሩ 160 የፈረስ ጉልበትና 542 ኒውተን ሜትር ነበረው። በ2023 የወጣው የፎርድ ከፍተኛ ጉልበት ፓወር ስትሮክ 1,627 ደርሷል። ሞተር ሠሪው ቱርቦውን ከፍ፣ ናፍጣውን ጨመር አድርጎ ጉልበት ያገኛል። ካምቢዮ ሠሪው ግን ጥርስ ማወፈር፣ ፍሪሲዮን ማብዛት፣ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ መፈለግ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል።

ጉዳዩ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ከጭነት ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ትልቁን ከባድ መኪና ትተው በፒክአፕና በረጅም ተሳቢ አስቸኳይ ጭነት የሚያደርሱ፣ በሙያው ቋንቋ ሆት ሾት የሚሠሩም አሉ። ተሳቢው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከመኪናው ጋር የተፈቀደላቸው ጠቅላላ ክብደት 26,001 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 11,800 ኪሎ ከደረሰ ሲዲኤል የተባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ያህል ክብደት በየቀኑ የሚጎትት ሰው ካምቢዮ ሲበላሽበት የሚያጣው የጥገናውን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ጋራዥ በቆመ ቁጥር ገቢውም ይቆማል።

የድሮ ሹፌሮች «ማንዋል አይሞትም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በ1990ዎቹ የዶጅ ፒክአፖች ላይ የነበረው ባለ አምስት ማርሹ ኤንቪ4500 ሳጥኑ ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት የተሠራ፣ አንደኛ ማርሹ 5.61 የሆነ ጠንካራ ካምቢዮ ነው፤ ተሳቢ ይዞ ከቆመበት ሲነሳ አያቃስትም። ነገር ግን አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። አምስተኛውን ማርሽ በዘንጉ ላይ የሚይዘው ዳዶ የናፍጣ ሞተሩ ምት እያናወጠው ቀስ በቀስ ይላላል፤ በመጨረሻም ማርሹ ከቦታው ይንሸራተትና አምስተኛ ይጠፋል። ይህን የሚያፋጥነው ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ዙር በአምስተኛ ማርሽ ዳገት መግፋት ነው። ብዙ ሰው ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማርሽ መቀነስ በማይወድ እግር ሥር የብረት ሳጥንም አይረዳም። የኋለኛው ማንዋል ጂ56 ደግሞ ሳጥኑ አሉሚኒየም፣ ቮላኖው ባለ ሁለት ክፍል ነበር። ራም ማንዋልን በ2018 ሞዴል አቆመ፤ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ከባድ ፒክአፕ ላይ ማንዋል የሚፈልግ ሰው ያገለገለ መግዛት ነው ዕድሉ።

አውቶማቲኩን የሚገድለው ሙቀት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። በውስጡ ያለው ፍሪሲዮን ሲቆልፍ ሞተርና ካምቢዮ እኩል ይዞራሉ፣ ሙቀትም ይቀንሳል። ሳይቆልፍ ሲቀር ግን ዘይቱ እየተናጠ ይግላል። ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የቆየ ዘይት ቶሎ ያረጃል፤ ፍሪሲዮኖቹም አብረውት ይቃጠላሉ። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ዘይቱ በፍጥነት የሚግለው ሁልጊዜ በረጅም ዳገት አለመሆኑ ነው። ተሳቢን በዳገት ላይ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ማስገባት ኮንቨርተሩን ሳይቆልፍ ያሠራዋልና በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱን ያንረዋል። ባለ አራት ጎማ ግፊት መኪና ያለው ሰው ጠጠር ወይም አፈር ላይ ሲሆን ዝቅተኛውን ሬንጅ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ከአውቶማቲኮቹ ስሙ በበጎ የሚነሳው አሊሰን 1000 ነው። ኢንዲያናፖሊስ ያለው አሊሰን ለታንክና ለከባድ መኪና ካምቢዮ ሲሠራ የኖረ ድርጅት ነው፤ ጂኤም በ2001 ከዱራማክስ ሞተር ጋር ለሲልቨራዶ ፒክአፕ ያመጣው ይህን ልምድ ነበር። በ2006 ከአምስት ወደ ስድስት ማርሽ አደገ። እኔ የምወድለት ግን አንድ ተራ ነገር ነው፤ የዘይት ማጣሪያው እንደ ሞተር ማጣሪያ በውጭ በኩል የሚፈታ ነው። ለመለወጥ ቀላል የሆነ ነገር በጊዜው ይለወጣል። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ያለው ባለ አሥር ማርሽ የአሊሰንን ስም ቢይዝም ጂኤም ከአሊሰን ጋር ተባብሮ ያመጣው ሌላ ካምቢዮ ነው፤ የቀድሞውን ዝና ለእሱ ማውረስ ተገቢ አይመስለኝም።

የቶዮታ መለዋወጫ የሚያውቅ ሰው አይሲን የሚለው ስም አይጠፋውም። የራሙ ኤኤስ69አርሲ አንደኛ ማርሹ 3.75 ስለሆነ ከባድ ጭነት በቀላሉ ያስነሳል፤ ነገር ግን ሁለተኛው በአንዴ ወደ 2.00 ይወርዳልና ለውጡ ይሰማል። ለሽርሽር የሚፈልግ ሰው አይወደውም፣ ለሥራ የሚፈልግ ግን ይለምደዋል። ከራም ፒክአፖች የሚሰጠው 3500 በተባለው ላይ ብቻ ነበር። 68አርኤፍኢውም ፋብሪካ በሰጠው ጉልበት ከተነዳና ዘይቱ በጊዜው ከተለወጠ ሥራውን ይሠራል። የሚያበላሸው ባለቤቱ በሞተሩ ላይ ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ሲያስገባ ነው። ካምቢዮው ያልተሠራበትን ቶርክ ሲቀበል የላይኞቹ ማርሾች ፍሪሲዮኖች መንሸራተት ይጀምራሉ። ራም በ2025 ሞዴል ሁለቱንም ትቶ ወደ ባለ ስምንት ማርሹ ዜድኤፍ ዞሯል።

የፎርድ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። በ2003 የመጣው ባለ አምስት ማርሹ ቶርክሺፍት ጠንካራ ካምቢዮ ሆኖ ሳለ፣ ፊቱ የታሰረው ባለ 6.0 ሊትር ሞተር በቴስታታ ጋስኬት ችግር ስሙ ጠፋ።

የዲፈረንሻሉን ቁጥርም ማየት ያስፈልጋል። 3.42 ካለው መኪና ይልቅ 4.10 ያለው ለተመሳሳይ ጉተታ ካምቢዮውን ያነሰ ያስጨንቃል፤ ናፍጣ ትንሽ ይጨምራል እንጂ።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሻጩ ቺፕ አስገብቶ እንደሆነ መጠየቅ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ እንዳለው ማሽተት፣ ከዚያም ተሳቢ አስሮ ዳገት ማውጣት ነው። ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ዙር ብቻውን ሽቅብ ከወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና ቁልፉን ለሻጩ መመለስ ይሻላል።