መስከረምን ማን ይገፋዋል?

የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ፕሮጀክታችን ዊልቸር ነበር። ለገጠር የሚሆን፣ ርካሽ፣ ወረታ ያለ ማንኛውም ብየዳ ቤት ሊጠግነው የሚችል። ስዕሉ ያምራል፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ውጤታችንም ጥሩ ሆነ። ከዚያ አንዱን ሠርተን ፎገራ ሜዳ ላይ ወዳለ አንድ ቤተሰብ ወሰድነው። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፣ እግሮቹ አይታዘዙለትም። እናቱ ወንበሩን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ የጎማውን ስፋት በጣታቸው ለኩና «ልጄ፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን መስከረምን ማን ይገፋዋል?» አሉኝ።

ፎገራን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነስተው ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሩዝ የተስማማውም ለዚህ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፦ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ሲርስ ያብጥና እንደ ሊጥ ይይዛል። ትምህርት ቤት ደግሞ የሚከፈተው መስከረም ላይ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነው።

አሁን እስኪ እናስላ። ልጁና ወንበሩ አንድ ላይ 45 ኪሎ ናቸው እንበል። አራቱ ቀጫጭን ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ቦታ ተደምሮ 30 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1.5 ኪሎ ያርፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በባዶ እግሩ ሲራመድ ደግሞ፣ ውስጥ እግሩ 150 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የሚያርፈው 0.4 ኪሎ ብቻ ነው። የእኛ ጎማ ጭቃውን የሚጫነው ከሰው እግር አራት እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። ይሰምጣላ! ይህን ስሌት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይሠራዋል። እኛ ያልሠራነው ከባድ ሆኖብን አይደለም፤ ጥያቄው ስላልመጣልን ነው። የሞከርነው ግቢያችን ውስጥ፣ ኮብልስቶን ላይ፣ ጥር ወር ላይ ነበር።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር ተማርኩ። «ለመሆኑ በበጋስ ትምህርት ቤት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይሄዳል፤ ግን ጠዋት ውሃ አይጠጣም። ለምን? የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ደረጃ አለው፣ በሩም ጠባብ ነው። ስለዚህ እስከ ስድስት ሰዓት ተጠምቶ ይቆያል። በእኛ 64 ገጽ ሪፖርት ውስጥ ሽንት ቤት የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም።

ለምን ሳናይ ቀረን? በምህንድስና ናሙና አወሳሰድ የሚባል ነገር አለ። የርብን ከፍታ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ብቻ ብትለኩ፣ ሐሙስ ሌሊት ጉና ላይ ዘንቦ የመጣውን ጎርፍ መዝገባችሁ አያውቀውም። ከፍ ዝቅ የሚል ነገርን በትክክል ለመከታተል በእያንዳንዱ ዙር ከሁለት ጊዜ በላይ መለካት ያስፈልጋል። በየቀኑ የሚለዋወጥን ነገር በወር አንዴ ከለካችሁት፣ የምታገኙት ቁጥር ትንሽ መረጃ ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ሥዕል ሊሰጣችሁ ይችላል።

አንድን ልጅ ሐኪሙ በዓመት ጥቂት ቀን፣ ያውም ለደቂቃዎች ያየዋል። መምህሩ በብዙ ተማሪ መሃል ያየዋል። እናትና እህት ግን ማታም፣ ሲታመምም፣ ሲስቅም ያዩታል። በመለኪያ ቋንቋ፣ ቤተሰብ ከሁሉም ቶሎ ቶሎ የሚለካው መሣሪያ ነው። ያንን መሣሪያ ሳያነቡ አገልግሎት መንደፍ የማክሰኞ ቀትርን ርብ አይቶ ድልድይ እንደመሥራት ነው።

እንዲያውም በአገራችን አገልግሎቱን ራሱን የጀመሩት ብዙ ጊዜ ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በየመድረኩ ስለ ኦቲዝም ስትናገር ኖራለች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ልጅን ቤት መደበቅ የተለመደ በሆነበት አገር እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ልጃቸውን ይዘው አደባባይ መውጣት ነው። እኔ ይህን ከማንኛውም ማሽን በላይ አደንቃለሁ።

ሌላው ምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ነው። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ፣ የእድገት እክል ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች የተዘጋጀ ሲሆን 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። የተጻፈው ለዓለም ሁሉ ስለሆነ እንዳለ ተተርጉሞ አልተሰጠም። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከባለድርሻዎች ጋር መክረው አስተካከሉት፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ገጠር ውስጥ ተሞከረ። መሐንዲስ ይህንን ፕሮቶታይፕ ይለዋል።

ሕጉስ? ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ፣ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ውሳኔ ሲወሰን ሕፃናትን ጨምሮ እነሱን ማማከር ግዴታ ነው ይላል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ መፀዳጃዎች እንዲኖሩ አዝዟል። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የወላጅንና የልጁን ፍላጎት ከግምት እንዲያስገቡ ያስገድዳል። ወረቀቱ አለ እኮ።

ችግሩ ያለው አጠራሩ ላይ ነው። እኛ አገር በየትምህርት ቤቱ ወተመህ አለ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት። ነገር ግን ስብሰባው የሩዝ አረም በሚታረምበት ሳምንት ከተጠራ የዚያ ልጅ እናት አትመጣም። ብትመጣም ልጁን የሚይዝላት የለም። ደግሞ ዕቅዱ አልቆ፣ ሲሚንቶው ተገዝቶ፣ «አስተያየት አላችሁ?» ቢባል እሱ ማማከር አይደለም፤ ማስፈረም ነው። የበር ስፋት በወረቀት ላይ ለመቀየር ላጲስ ይበቃል፤ ከተገነባ በኋላ መዶሻ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማንኛውም መለኪያ ስህተት አለው፣ ቤተሰብም እንዲሁ። ከፍቅር ብዛት «አይችልም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስለዚህ ልጁን ራሱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ይህን ያደረግነው በሦስተኛው ጉብኝታችን ነው፤ ያፍራል ይባላል። ሰፊ ጎማ ገጥመን፣ የፊቶቹን ሁለት ትናንሽ ጎማዎች በአንድ ትልቅ ጎማ ቀይረን ስንመለስ፣ «አንተስ ምን እንዲቀየር ትፈልጋለህ?» አልነው።

«የኋላውን እጀታ አንሱልኝ» አለ። ጓደኞቹ ሳይጠይቁት እየመጡ ይገፉታል፤ እሱ ራሱ መንዳት ይፈልጋል።

እናቱ አልተስማሙም። እጀታውን ተነቃይ አድርገነዋል፤ ክርክሩ ግን እስከ አሁን አላለቀም።