ዲስኩ ሳይጣል ገመዱ ይታይ

የሟች አባት የቁርኣን ቂራአት፣ የኒካሕ ቪዲዮ፣ የልጆች ፎቶ በአንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። ዲስኩ ሲሰካ «ቀጭ፣ ቀጭ» ብሎ ቢጠፋ ተበላሸ ለማለት አንቸኩል፤ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል።

የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ 500፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ግን ቮልቱ መንገድ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከግማሽ ሜትር ያልበለጠውን ምረጡ። ሽፋኑ ላይ 28 እና 24 የሚሉ ቁጥሮች ካሉ 24ቱ የኃይሉን ሽቦ ያመለክታል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድም አለ፤ መረጃ አያስተላልፍም። ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ለገዢው ይንገሩ፤ የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ በዲናችን ክልክል ነው።

ድምፁ በሌላ ገመድም ካልቆመ ደጋግማችሁ አትሰኩት፤ ለባለሙያ አሳዩ።