የመርከብ ሽርሽር ሲገዙ ከዋጋው በፊት የሚታየው ምንድን ነው?

መርከብ ሲባል ለገበያችን ሰው ቶሎ የሚታየው ኮንቴይነር ነው። ሰው ጭኖ ከወደብ ወደብ የሚዞረው መርከብ ግን የራሱ ገበያ፣ የራሱ ውልና የራሱ ወጥመድ አለው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ የሚኖር ወንድም የእናቱን ሰባኛ ዓመት ልደት በባሕር ላይ ለማክበር ያስባል። ከአቴንስ ተነሥቶ የግሪክ ደሴቶችንና ቱርክን ዞሮ የሚመለስ የሰባት ሌሊት ጉዞ ያገኛል። ካቢኑ በረንዳ አለው፤ ዋጋው ቅናሽ ነው፤ ቅናሹ ዓርብ ማታ ያበቃል። ወንድም ለራሱ፣ ለእናቱና ለእህቱ ይከፍላል። እርሱ የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። አዲስ አበባ ያሉት እናትና እህት የያዙት ግን የኢትዮጵያን ነው። ገንዘቡ አደጋ ላይ የወደቀው በባሕር ማዕበል ሳይሆን በዚያች ዓርብ ማታ ነው።

የስህተቱ ምንጭ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ ካቢኑን፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ያያል። ትክክለኛው አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከከፈሉ በኋላ ሊስተካከል የማይችለው ይቅደም፤ ሊስተካከል የሚችለው ይከተል።

መስመሩና ቪዛው

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኢትዮጵያ ያለፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል፣ አባል አገሮች ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጡ አድርጓል። ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ተጓዡ ውሳኔው በእርሱ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከኤምባሲው ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ይህ ለመርከብ ተሳፋሪ ምን ማለት ነው? መርከቡ የአቴንስ ወደብ ከሆነችው ከፒሬየስ ተነሥቶ ቱርክ ኩሻዳሲ ሲደርስ ተሳፋሪው ከሸንገን ክልል ወጥቷል። ከዚያ ወደ ሮድስ ወይም ወደ ሳንቶሪኒ ሲመለስ ሁለተኛ ጊዜ መግባቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ለዚህ መስመር አይሆንም። ኩባንያው ይህን የሚያየው በመሳፈሪያው ቀን ወረቀት ሲመረምር ነው። ወረቀት ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት ነው የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ስለሚኖር፣ ወደብ ላይ የተመለሰ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም።

መፍትሔው ወደቦቹ ሁሉ በሸንገን ውስጥ የሆኑበትን መስመር መምረጥ ነው። ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖዋ፣ ናፖሊ፣ ፓሌርሞና የማልታዋ ቫሌታ በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። ክሮኤሺያም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ገብታለች። የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር፣ የቱርክና የቱኒዚያ ወደቦች ግን ውጪ ናቸው። አንድ ወደብ ብቻ መስመሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ሦስቱ ቀኖች

ነጋዴ የሚያውቀው ስሌት እዚህ ላይ ይመጣል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ መግባት የሚችለው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ወይም ከ180 ቀን ገደማ ጀምሮ ነው። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ሙሉ ክፍያውን የሚጠይቁት ደግሞ ጉዞው ከ75 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ የሰረዘ ሰው የሚቀጣው እየጨመረ ሄዶ መቶ በመቶ ይደርሳል።

መልስ ለማግኘት 45 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ማመልከቻው ጉዞው 135 ቀን ሲቀረው ካልገባ፣ ቀሪውን ገንዘብ በ90ኛው ቀን የሚከፍለው ሰው የቪዛውን መልስ ሳያውቅ ነው። ስለዚህ ያለው ክፍተት ከ180ኛው እስከ 135ኛው ቀን ድረስ፣ አንድ ወር ተኩል ብቻ ነው። ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜም ከዚሁ ይቀነሳል። «አሁን ይያዙ፣ ጉዞው ከሦስት ወር በኋላ ነው» የሚል ቅናሽ ለአሜሪካ ፓስፖርት ትርፍ፣ ለእኛ ፓስፖርት ቁማር ነው።

ሁለት ጥያቄ ለወኪሉ ያቅርቡ። ቀብዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? አንዳንድ ርካሽ ዋጋዎች ርካሽ የሆኑት ቀብዳቸው የማይመለስ ስለሆነ ነው። ኢንሹራንሱስ የቪዛ ክልከላን ይሸፍናል? የማይሸፍኑ ብዙ ናቸው። ሁለቱንም መልሶች በጽሑፍ ይቀበሉ።

እውነተኛው ዋጋ

በማስታወቂያ የሚወጣው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፤ ግን ካቢኑን ሁለት ሰው ይዞት ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሁለቱን ሊከፍል ይችላል። በዚህ ላይ የወደብ ክፍያና ታክስ አለ። ለሠራተኞች የሚታሰብ ጉርሻም አለ፤ በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዘንድ በአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይደርሳል።

ለምሳሌ 700 ዶላር የተባለ የሰባት ሌሊት ጉዞ ለሁለት ሰው 1,400 ዶላር ነው። ጉርሻው በቀን 17 ዶላር ቢታሰብ 238 ዶላር ይጨመራል። የወደቡ ክፍያ በነፍስ ወከፍ 120 ዶላር ቢሆን ሌላ 240 ዶላር ይመጣል። ጠቅላላው 1,878 ዶላር ሆነ። የአውሮፕላን ቲኬት፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ የሆነው የቪዛ ክፍያ፣ መጠጥና ኢንተርኔት ገና አልተቆጠሩም። ሁለት መርከቦችን ማወዳደር የሚቻለው በዚህ ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው።

የወደብ ስምም ወጪ ይደብቃል። «ሮም» ተብሎ የሚሸጠው ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፍሎረንስ» የሚባለውም ሊቮርኖ ነው። ደርሶ መመለሻው በተሳፋሪው ኪስ ነው። በራሱ ሄዶ የዘገየን ሰው መርከቡ አይጠብቀውም።

ውሉ

በውሉ ውስጥ ኩባንያው ወደብ የመቀየር መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቀይ ባሕር በደረሰው የሁቲ ጥቃት ሳቢያ በርካታ የሽርሽር መርከቦች ጉዟቸውን ሰርዘዋል ወይም በአፍሪካ ዙሪያ ሄደዋል።

የሚከሰስበት ቦታም በቲኬቱ ጀርባ ተወስኗል። አንድ የዋሽንግተን ስቴት ባልና ሚስት፣ ሚስትየው በመርከብ ላይ በመውደቋ ካርኒቫልን በአገራቸው ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ቲኬቱ ክሱ በፍሎሪዳ ይታያል ካለ ይኸው ይጸናል ሲል ፈረደ። ደቃቅ ፊደሉን ሳያነብ የከፈለ ሰው ከፊርማ አይቆጠርልኝም ማለት አይችልም።

ካቢኑ በመጨረሻ

በረንዳ ቢኖረው ደግ ነው፤ ባይኖረውም ቦታ ከተገኘ ተጨማሪ ከፍሎ ማሻሻል ይቻላል። መናወጥ የሚያስቸግረው ሰው ከመርከቡ መሐልና ከታችኛው ፎቅ ይያዝ። ወደብ፣ ቪዛና የክፍያ ቀን ግን በተጨማሪ ክፍያ አይሻሻሉም።

ወንድምየው በዚያች ዓርብ ማታ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ሁሉም ነገር በተስተካከለ ነበር፤ «ከምንሳፈረው ሰዎች መካከል ደካማው ፓስፖርት የማን ነው?» መስመሩ በእርሱ ይመረጣል፤ ቀኑ በእርሱ ይቆጠራል። ቅናሽ በሌላ ሳምንት ይመጣል።