ዋንጫውን ያስበላን ነጠላ ጫማ

ጊዜው ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ በባህር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን ሊገጥሙ ነው ሲባል እኛ የካዛንቺስ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተኮናትረን በዋዜማው ሌሊት ተነሳን። እኔ ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርቱን በፎርፌ ሰጥቼ ነው የሄድኩት! ኅዳር 9 ቀን፣ ማክሰኞ… መቼም ያን ቀን ማን ይረሳዋል? ኮትዲቯሮች ቀድመው ቢያገቡብንም ዋልያዎቹ ተነስተው 2 ለ 1 አሸነፉ። ከተማው በጭፈራ አደረ።

በማግስቱ «ባህር ዳር ድረስ መጥተን ጣናን ሳናይማ አንመለስም» ተባለና የሞተር ጀልባ ይዘን ወደ ዘጌ ቀዘፍን። የሰፈራችን ቡድን 10 ቁጥር፣ የቡድኑ ጭንቅላት የሆነው ልጅ፣ «ውሃ ላይ ለምንሄደው ጫማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ከመንገድ ዳር ነጠላ ጫማ ገዝቶ ነበር። ጉዞው ሰላም ነው። ጀልባዋ ዳር ደርሳ ስንወርድ ግን አንድ እግሩ ጀልባው ላይ፣ ሌላው እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳለ ጀልባዋ ተወዛወዘች። ነጠላ ጫማው በአንድ በኩል፣ እግሩ በሌላ በኩል ሄደ። ቁርጭምጭሚቱ እዚያው እያየነው አበጠ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ ነበረን። 10 ቁጥራችን በወጌሻ ታሽቶ፣ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ዳር ላይ ተቀመጠ። በመለያ ምት ተሸነፍን። ዋንጫውን ያስበላን ዳኛው አይደለም፣ ሜዳውም አይደለም… ነጠላ ጫማ ነው!

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ቡድናችን ተበተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ በየአቅጣጫው ቤት ተከራየ፤ እኔና ጥቂት ልጆች እዚሁ ቂርቆስ ቀረን። አሁን የድሮው ቡድን ተሰባስቦ አንድ ቀን አብሮ ሊውል ነው። ጣናን ያላልነው በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሳው ግጭት የተነሳ መንገዱ ስላሰጋን ነው። የተመረጠው ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሙ ባቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለው እሱ ላይ ነው። ከጀልባ ተወርዶ ዳገት ይወጣል። እናም «ምን ጫማ እናድርግ?» የሚለው ክርክር ከጊዮርጊስና ቡና ደርቢ በላይ ጦፏል።

ጀልባ ላይ ታኬታ?

ከልጆቹ አንዱ «ጭቃ ካለ የሚያዋጣው ታኬታ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በርን ላይ ሲዘንብ ምዕራብ ጀርመኖች አዲ ዳስለር ባዘጋጀላቸው፣ እየተፈታ በሚቀየር ታኬታ ገብተው፣ በምድብ ጨዋታ 8 ለ 3 የቀጠቀጠቻቸውን ሃንጋሪን ከ2 ለ 0 መመራት ተነስተው 3 ለ 2 ረቷት። ልክ ነው! ግን ታኬታ የሚሠራው የሚሰካበት ለስላሳ መሬት ሲያገኝ ነው። የጀልባ ወለልና የደሴት ድንጋይ አይበሳም። ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት ጉጦች ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሸርተቴ ነው።

እርጥብ ነገር ላይ የሚያቆመን ለስለስ ያለ ጎማና ቦይ ቦይ ያለው ሶል ነው። አሠራሩ እንደ መኪና ጎማ ነው፤ ውሃው በቦዮቹ ሲወጣ ጎማው መሬቱን ይቆነጥጣል። ሶሉ የተላጠ ከሆነ ግን ውሃው በመሃል ይቀርና እግር ይንሳፈፋል። ለመፈተን አይከብድም። ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጉት፤ ትንሽ ከሰጠ ይሆናል፣ እንደ ባልዲ ከደረቀ ተዉት።

አሰላለፉ

እንደ አሠልጣኝ ላውጣው። ቋሚ ተሰላፊ፦ ከኋላ ተረከዝን የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ሰንደል። ውሃ ቢገባበትም ይወጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለማውለቅም አያስቸግርም። የ10 ቁጥራችን ችግር ይኸው ነበር፤ ነጠላ ጫማ ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፣ ተረከዝን የሚይዝለት የለም።

ተቀያሪ፦ ሶሉ ያላለቀ አሮጌ ስኒከር። ዳገቱ ላይ ከሰንደልም ይሻላል፤ ከረጠበ ግን ቶሎ አይደርቅም። ሸራ ጫማም እንደዚያው ነው፣ ውሃውን ይጠጣዋል። ስለዚህ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ቋጥሮ መያዝ ነው። ኮንጎ ጫማ ውሃ አይፈራም፤ ሶሉ ካለቀ ግን ያንሸራትታል።

ቀይ ካርድ፦ ነጠላ ጫማ፣ ታኬታ፣ ታኮ ያለው ማንኛውም ጫማ። ከባድ ቡትስም ጀልባ ላይ አይመከርም። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ቡትሱ ውሃ ሞልቶ ይከብደዋል፣ ማሰሪያውን እስኪፈታም ጊዜ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት፤ ከጫማ በፊት የሚመረጠው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ!

አዲስ ጫማ አይደረግም

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2፡15፡16 ማራቶንን ያሸነፈው፣ የተገኘለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነበር። ያልተለማመዱትን ጫማ ለትልቅ ቀን እንደማያደርጉ እሱ ገብቶታል። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለምዶታል፤ እኛ አለመድንም። አዲስ ጫማ ለጉዞው ካስፈለገ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይዞሩበታል። ያለዚያ ገና ዳገቱ ሳይጋመስ እግር ውሃ ይቋጥራል።

እኔ ራሴ አሮጌ ሰንደሌን ይዤ ሰፈር ካሉ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ ይቺን ያድሱልኛል ወይስ አዲስ ልግዛ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገልበጥ አድርገው አዩና «ሶሉ አላለቀም ልጄ፤ ማሰሪያውን ሰፍቼልህ ትሄድበታለህ። ገንዘብህን ለጀልባው ያዝ» አሉኝ። ዛሬ እንዲህ የሚመክር ማን አለ?

ውሃው ውስጥ ምን አለ?

ጨዋታ ወዳድ ስለሆንን ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ገብተን ኳስ ልንገፋ እንችላለን። ተዉት! ቢልሃርዝያ ከሚገኝባቸው ሐይቆቻችን መሃል ጣናም ዝዋይም አሉበት። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፤ የግድ ቁስል አይፈልግም። ሰንደል ደግሞ አያስቆመውም። ስለዚህ ማረፊያው ላይ መውረድ፣ እግር ከራሰ ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ይበጃል። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ሲመለስ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ በኪኒን የሚድን በሽታ ነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል። ውድ ስኒከር ያደረገውም፣ ኮንጎ ያደረገውም እዚያ እኩል ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ሃያ ቋጠሮ ያለው ጫማ አታድርጉ፤ ሰው ያስጠብቃል።

ባለፈው እሁድ 10 ቁጥራችን ከገላን ጉራ መጥቶ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ዛሬም ብርድ ሲመታው ያመዋል። ፌስታሉን ከፈተና ባለ ማሰሪያ ሰንደል አውጥቶ አሳየን፤ ሁለት ሳምንት ሊለማመድበት መሆኑንም ነገረን። ሳቅን። የሄደው ዋንጫ አይመለስም፣ የፈረሰው ሰፈርም እንደዚያው። ልጆቹ ግን አሁንም አሉ፤ ከዝዋይ ሲመለሱም በደህና እግራቸው ይመለሱ።

መልካም ጉዞ!