የላንድ ክሩዘር የፊት አክስል ሲታደስ፦ የናክሉን ሺም አታደባልቁ

በምዕራብ ሸዋ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ የማኅበር መኪና ጋራዥ ከቆመ ዘሩም ይቆማል። ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ችሎ የመጣ መኪና፣ በጊንጪ ዙሪያ ወዳለው መረሬ ሲገባ የፊት አክስሉ ይፈተናል። ጭቃው በአክስሉ ጫፍ ያለውን ኳስ የሚጠርገውን ቀለበት ይበላዋል፤ ውሃና አሸዋም ወደ ኩሽኔታው ይዘልቃሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ወጥ የፊት አክስል ያላቸውን፣ ለምሳሌ የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘሮችን ነው። ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረው ክፍል ናክል ይባላል። ናክሉ በላይና በታች በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ይንጠለጠላል። በላይና በታች፣ በመሪ ክንዱና በክዳኑ በኩል የሚገቡት ስስ ብረቶች ሺም ይባላሉ፤ ሁለት ሥራም አላቸው። ድምራቸው የኩሽኔታውን ጥብቀት ይወስናል፦ ሺም ሲቀነስ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። ከላይና ከታች ያለው ክፍፍላቸው ደግሞ ናክሉን ከአክስሉ መሃል ጋር ያስተካክላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ጥብቀቱ ትክክል ሆኖ መሃሉ ከተዛባ፣ የውስጡ ፓራውልዮ በአንድ ወገን ይበላል። የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ናክሉ ይገባል፣ ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ቀጥሎም በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ ይፈሳል። ፍሬኑ ላይ ከደረሰ፣ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ለሾፌር መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሲፈታ ሺሞቹን በሽቦ አስሮ «ግራ ላይ፣ ግራ ታች፣ ቀኝ ላይ፣ ቀኝ ታች» ብሎ መጻፍ ይገባል። ናክሉና የአክስሉ ቤት ያው ከሆኑ፣ እነዚያኑ በየቦታቸው መልሶ መጀመር ይበቃል። ከሌላ መኪና የመጣ ናክል ከተገጠመ ግን የቀድሞው ሺም መመሪያ አይሆንም፤ በመሃል ማስተካከያ መሣሪያ ይለካ። መሣሪያው የሌለው ጋራዥ «በዓይን ይታያል» ቢል አትቀበሉት።

ጥብቀቱን መለካት ቀላል ነው። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ግራሶ ተቀብተው፣ ዳዶዎቹ በመመሪያው ልክ ጠብቀው፣ መጥረጊያ ቀለበቱና የመሪው ዘንግ ሳይገጠሙ፣ የመንጠቆ ሚዛን በክንዱ ጫፍ ቀዳዳ ይታሰርና በቀስታ ይሳባል። ናክሉ መዞር ሲጀምር ያለው ንባብ ይያዛል። ለ80 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የአምራቹ መመሪያ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ይላል፤ ለሌሎቹ የየራሳቸው መመሪያ ይታይ። የጆንያ መመዘኛው ትልቅ ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ግማሽ ኪሎ የሚለይ ይፈለግ። ቀለበቱ ቀድሞ ከተገጠመ የራሱ መጎተት ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ኩሽኔታው ልል ሆኖ ሳለ ጥብቅ ይመስላል።

ሾጣጣ ሮንዴላዎቹን መርሳት አይገባም። ያለ እነሱ የመሪ ክንዱ በቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዶው ይላላል፣ ቡሎኑም ይሰበራል። መኪናው ጥቂት ቀናት ከሠራ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሹ።

መኪናውን ከጋራዥ የሚረከበው ሰው በክሪክ ያስነሣውና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቅንቀው። ክፍተት ካለ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ክፍተቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ናክሉ ነውና ወደ ጋራዡ ይመለስ።