እሪ በከንቱ፦ ስለ ሰፈር ጸጥታና ስለ ወንጀል ብዛት አጭር ማብራሪያ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወርዱ በራስ መኮንን ድልድይ ግድም ያለው ሰፈር «እሪ በከንቱ» ይባላል። ስሙን ስንሰማው ስለ ኖርን ትርጉሙ አይታሰበንም እንጂ ስሙ ራሱ የወንጀል ታሪክ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ቦታው ገደልና ጥሻ በነበረበት ዘመን ቀማኛ እያደፈጠ መንገደኛውን ይገፍ ነበር። የተገፈፈው ሰው «እሪ!» ቢል፣ «ኡኡ!» ቢል የሚደርስለት አልነበረም። ጩኸቱ ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእጩ መምህራን መካከል ለማስተማር ልምምድ ወደ አራዳ ት/ቤቶች የሚመደቡት ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ ሰፈሩ እንዴት ነው? ሌባ ይበዛበታል ይባላል፤ ማታ ያስኬዳል ወይ?» ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ደሞዙ ሳይወጣለት ኪሱን የሚያወልቁት ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን መልሱ «አዎ ይበዛል» ወይም «ኧረ ምንም የለም» በማለት የሚያልቅ አይደለምና ጉዳዩን ቀረብ ብለን እንመርምረው።

በመጀመሪያ «ይበዛል» የሚለውን ቃል እንያዝ። በእንግሊዝ አገር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየመንገዱ የወንጀል ቁጥር በካርታ ላይ እየሰፈረ ለሕዝብ ይታያል። ቤት ሊከራይ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ካርታውን አይቶ ይወስናል። እንግዲህ 500 ሰው የሚኖርባትን አንዲት የገጠር መንደር ለምሳሌ እናስብ። አምና 2 ሌብነት ደረሰ፤ ዘንድሮ 4 ሆነ እንበል። «ወንጀል በእጥፍ ጨመረ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን አንድ የሰፈር ልጅ ሁለት ብስክሌት አንሥቶ ሊሆን ይችላል።

ፒያሳ ደግሞ የዚህች መንደር ተቃራኒ ነው። ለረጅም ዘመን የወርቅ ቤቱ፣ የሲኒማውና የታክሲው ተራ ሰፈር ሆኖ ስለ ኖረ፣ ቀን የሚረግጠው ሰው ማታ ከሚያድርበት ብዙ እጥፍ ነው። በታክሲ ሰልፍ ላይ ኪሱ የተፈተሸው ሰው የኮልፌ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ፈታሹም ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ቁጥሩ ግን በአራዳ ስም ይመዘገባል። ስለሆነም የደረሰውን ወንጀል በነዋሪው ቁጥር አካፍሎ «የአራዳ ልጅ ሌባ ነው» ማለት ስድብ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ስሕተትም ነው። ሌላው ችግር ያልተመዘገበው ነው። ስልኩን ከተመነተፈው ሰው ውስጥ ስንቱ ነው ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው? «ምን ዋጋ አለው፣ አይገኝ!» ብሎ ወደ ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው። ሕዝቡ ፖሊሱን አምኖ ማመልከት ሲጀምር ደሞ ወንጀሉ ባይጨምርም መዝገቡ ያብጣል። የሒሳብ እጩ መምህራን ስለ ንጽጽርና ስለ መቶኛ ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢጠቀሙበት ከመጽሐፉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ። አራዳ መጀመሪያ ገበያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ይህ ገበያ፣ ጣልያኖች ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማው እምብርት ነበረ። ገበያ ባለበት ሌባ አይጠፋም። ቅጣቱም ቀላል አልነበረም፤ የሞት ፍርደኛ በገበያው ዛፍ ላይ በአደባባይ ይሰቀል፣ በሌብነት የተፈረደበትም እጁ ይቆረጥ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ሆነው፣ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተሳስረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየት የዘወትር ነገር ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ሌብነት አልጠፋም። ጣልያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የመያዙ እርግጠኝነት ነው ብሎ ተከራክሯል። ሌባው «ብያዝ ምን ያደርጉኛል» ከማለቱ በፊት «እያዝ ይሆን ወይ» ብሎ ያሰላልና።

እንዲያው ለመያዙም ቢሆን አባቶቻችን ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱ መጥፎ፣ አንዱ የሚያስገርም። መጥፎው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣና በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይነዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ! ስንት ንጹሕ ሰው በልጅ ስካር እንደ ተከሰሰ እግዜር ይወቀው። በኋላ መከልከሉ ደግ ሆነ።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ቢጠብቅም ይጠብቅ። የሚያውቅ ሰው በይፋ ከመናገር ይልቅ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምሥጢር ሹክ ይላል፤ ይህ ምሥጢረኛ «ወፍ» ይባላል። አጥፊው ካልተገኘ አገሬው ተዋጥቶ ይከፍላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በሰፈርህ ለደረሰው ጥፋት አንተም አለህበት።

ይህ የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል። በእንግሊዝ አገር በ1285 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንቸስተር ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተዘረፈ ሰው ሲጮኽ የሰማ ሁሉ ያለውን ይዞ ወጥቶ ቀማኛውን ማሳደድ ግዴታው ነበር፤ ካልያዙት የወረዳው ሰው በኅብረት ካሣ ይከፍላል። በዚያ ሕግ ዘንድ እሪታ በከንቱ አይቀርም ማለት ነው፤ ቢያንስ በወረቀት።

በከተማ ግን አውጫጭኝ አይሠራም። አዲስ አበባ ከየአውራጃው የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው የተከማቸባት ከተማ ስለ ነበረች በየገበያውና በየመንገዱ ሥርዓት የሚያስከብር «የአራዳ ዘበኛ» ተቋቋመ። ዘበኛ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ግን በ1928 ዓ.ም. ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከተማውን ለቀው ከወጡ በኋላ ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ባለቤት አጣች። የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ትናንት ዕቃ ሲገዛ የነበረ ሰው ዛሬ በር ሰባሪ ሆነ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጥቶ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደራጀ ፖሊስ መሠረቱን ያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተነዋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ቀበሌ ተፈጠረ፤ ቀበሌውም ቤት አከራይ፣ ፍርድ ሰጪና ጠባቂ ሆነ። የሰፈር ሰው በተራ ሮንድ ይወጣ ነበር። በዚያ ሌሊት ጥበቃ ሌባ እንደ ተቸገረ የሚመሰክሩ አዛውንቶች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያው የጥበቃ ጓድ ጠመንጃ ይዞ የቤት ለቤት አሰሳ ሲገባ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሲጠቁም፣ ማታ የሚፈራው ሰርሳሪ መሆኑ ቀረ። ሌባ የፈራ ሰው በሩን ቀርቅሮ ይተኛል፤ አሳሽ የፈራ ምን ቀርቅሮ ይተኛ?

ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር አንድ ነገር አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. በቼሻየር አውራጃ ሞሊንግተን በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ነዋሪዎች ተደጋጋሚ የቤት ሰርሳሪ ቢያስቸግራቸው የመጀመሪያውን የጎረቤት ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸው ሁለት ብቻ ነው፤ ማየትና ለፖሊስ መንገር። መሣሪያ የላቸውም፣ ማሰር አይችሉም፣ ቤት አይፈትሹም። የቀበሌው ጓድና የሞሊንግተኑ ማኅበር ሁለቱም በጎረቤት ዓይን የሚሠሩ ነበሩ። ልዩነቱ ያ ዓይን የሚያገለግለው ማንን ነው የሚለው ነው።

አሁን የሥነ ልቦና ትምህርት የወሰዳችሁ ልብ በሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ አንዲት ወጣት በሌሊት ስትገደል 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። በኋላ ሲመረመር ዜናው በጣም የተጋነነ ሆኖ ተገኘ፤ ቢሆንም ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎችን ቆሰቆሳቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች በየክፍላቸው ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲነጋገሩ አንዱ በድንገት እንደ ታመመ ሆኖ እርዳታ ይለምናል። ብቻዬን ነኝ የሰማሁት ብሎ ካሰበው 85 ከመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለመርዳት ተነሣ። ሌላ አንድ ሰው ሰምቷል ብሎ ካሰበው 62 ከመቶ፤ ሌሎች አራት ሰዎች ሰምተዋል ብሎ ካሰበው ግን 31 ከመቶ ብቻ። ሰው ሲበዛ ኃላፊነቱ ይከፋፈልና ለማንም ሳይደርስ ይቀራል። እሪ በከንቱ ማለት ሰው በሌለበት ጥሻ ብቻ እንዳይመስለን፤ በቀን በታክሲ ሰልፍ መካከልም እሪታ ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኝ ተግባራዊ ትምህርት አለ፤ ለተማሪዎቻችሁ ንገሯቸው። አደጋ የደረሰበት ልጅ «እርዱኝ!» ብሎ ለአየሩ ከሚጮኽ ይልቅ አንድ ሰው መርጦ ይጥራ፤ «ጋሼ፣ ባለ ቡኒው ኮት፣ እባክዎ ይድረሱልኝ!» «እትዬ፣ 991 ይደውሉልኝ!» የተጠራ ሰው የመሸሻ ምክንያት ያጣል። ደግሞም ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ መሄድ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ መሆኑን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

እሪታ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፒያሳ አንዲት ሴት «ሌባ!» ብላ ስትጮኽ አጠገቧ የነበረ የሊስትሮ ልጅ በደመ ነፍስ ሮጠ። ስለ ሮጠ ሌባ ሆነ። ሃያ ሰው ተሰብስቦ ሲወግረው እኔም ከዳር ቆሜ ነበር፤ አልመታሁም፣ ግን «ተዉት» ለማለትም አፌ አልተከፈተም። የሴትዮዋ ስልክ በገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ። ልጁ የፈሰሰ ቀለሙን እየለቀመ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ይደነግጋል፤ ልጁ ግን ለመከሰስም አልደረሰም። ሌባ ሻይን በመሳቅ ለተማሪ የምናስተምር መምህራን፣ የሮጠ ሁሉ ሌባ ነው የሚለው ፍርድ ከእሱ በምን ይሻላል?

ለጸጥታ የሚበጀው ብርሃን ነው፣ ካሜራ ነው፣ ሰፊ መንገድ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁሉም ድርሻ አለው። አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. በጻፈችው መጽሐፍ ግን መንገድን ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት እዚያው የሚውሉ ሰዎች ዓይኖች ናቸው ትላለች። ይህን ለፒያሳ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ባለ ኪዮስኩ፣ ሊስትሮው፣ በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላው እናት፣ በእድሩ ማን ሞተ ማን ታመመ የሚያውቀው ጡሩምባ ነፊ፤ እነዚህ ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ዘበኞች ናቸው። በዶሮ ማነቂያ ቤቱ አሮጌ፣ ግድግዳው የጭቃ፣ በሩም በአንድ ርግጫ የሚወድቅ ነበር፤ ልጅ ግን ከት/ቤት ሲዘገይ «የእከሌ ልጅ የት ቀረህ?» የሚለው ሰው አያጣም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና ከፒያሳ ብዙው ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፤ ይህ ለማታ ተጓዥ መልካም ነው። የወጣው ሰው ደግሞ ብዙው የተሻለ ቤት፣ የብረት በር አገኘ። ያልተሰጠው ጎረቤት ነው፤ እሱ በቁልፍ ርክክብ አይገኝም። በአራተኛ ፎቅ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰው የታችኛው ቤት ሲሰበር ቢሰማ እንኳ የማን ቤት እንደ ሆነ አያውቅም፤ ማንን ብሎ ይጥራ?

ለልምምድ የምትወጡ እጩ መምህራን አንድ ሥራ በክፍላችሁ ሞክሩ። ተማሪዎቹ ከቤት እስከ ት/ቤት ያለውን መንገድ ይሣሉ፤ «እዚህ ብጮኽ የሚወጣልኝ ሰው» ያሉትን በስም ያመልክቱ። እኔ ባለፈው መንፈቅ በአንድ 5ኛ ክፍል አድርጌዋለሁ። አብዛኞቹ ሦስት አራት ስም ጻፉ፤ ባለ ሱቅ፣ ዘበኛ፣ አክስት። ከፈረሰው ሰፈር ወጥታ አሁን በሁለት አውቶቡስ የምትመላለስ አንዲት ልጅ ግን አሥራ አንድ ስም ጽፋ አመጣች። ሥዕሉን ሳየው የድሮ ሰፈሯ ነው። «የአሁኑስ?» ብላት «እዚያ ገና አልጀመርኩም፣ ቲቸር» አለችኝ። ሥዕሉ በፈቃዷ፣ ስሟ ተሸፍኖ፣ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተለጥፏል።